የዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ አመሠራረትና ዕድገት፦ የማስተማር፣ የመመራመርና ገበሬውን የመድረስ ሦስት ተግባራት

መግቢያ

የአንድ ከፍተኛ ትምህርት ተቋም ታሪክ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጠሩት የተሠሩት ሕንፃዎች፣ የተከፈቱት ፋኩልቲዎችና በየዓመቱ የተመረቁት ተማሪዎች ናቸው። እነዚህ ሁሉ የዕድገት ምልክቶች መሆናቸው አይካድም። ነገር ግን ተቋሙ የተተከለበትን አካባቢ ምን ያህል አወቀው? የአካባቢውስ ሕዝብ ከተቋሙ ዕውቀት ምን ያህል ተካፈለ? የሚሉት ጥያቄዎች ካልተነሡ ታሪኩ ግማሽ ሆኖ ይቀራል። በሐረርጌ ደጋ፣ በድሬዳዋና በሐረር ከተሞች መካከል የሚገኘው፣ ዛሬ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የሚባለውና ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል በዓለማያ ስም የታወቀው ተቋም ለእንዲህ ያለው ምርመራ የሚያመች ታሪክ አለው። ምክንያቱም ከዋና ከተማው ርቆ፣ በገጠር መካከል፣ ሦስት ተግባራትን በአንድነት እንዲያከናውን ታስቦ የተመሠረተ ነው። እነርሱም ማስተማር፣ መመራመርና የምርምሩን ውጤት ለገበሬው ማድረስ ናቸው። እነዚህ ሦስት ተግባራት እንዴት እንደተገናኙ፣ ኋላም እንዴት እንደተለያዩ መመልከት ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎችም ሆነ ለመምህራን ጠቃሚ ትምህርት ይሰጣል።

በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት፣ እ.ኤ.አ. ተብለው ከተለዩት በቀር፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

የኮሌጁ መነሻ

በ1933 ነፃነት ሲመለስ አገሪቱ ከጦርነቱ በፊት ያፈራቻቸውን ጥቂት ምሁራን በአብዛኛው አጥታ ነበር። ትምህርት ቤቶችን እንደገና ከመሠረቱ ማደራጀት የግድ ሆነ። በ1939 የአምቦ የእርሻ ትምህርት ቤት ሥራውን ጀመረ፤ በ1943 ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተከፈተ። ይሁን እንጂ ሕዝቧ እጅግ በሚበዛው ክፍል በእርሻ በሚተዳደር አገር፣ እርሻን በዲግሪ ደረጃ የሚያስተምር ተቋም አልነበረም። በዚህ ሙያ ከፍተኛ ትምህርት ለመቅሰም የሚሻ ወጣት ወደ ውጭ አገር ከመሄድ በቀር ሌላ አማራጭ አልነበረውም።

የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን በጥር 1941 ሥልጣን ሲረከቡ ባሰሙት ንግግር አራተኛው ነጥብ ለታዳጊ አገሮች የቴክኒክ እርዳታ እንዲሰጥ የሚል ነበር። ፕሮግራሙም ከዚሁ ተነሥቶ «ፖይንት ፎር» ተባለ። የኦክላሆማ የእርሻና የሜካኒክ ኮሌጅ ፕሬዚዳንት የነበሩት ዶክተር ሔንሪ ቤኔት እ.ኤ.አ. በ1950 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ስለ እርሻ ትምህርት ተነጋገሩ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የፖይንት ፎር ፕሮግራም የበላይ ኃላፊ ሆነው ተሾሙ። በሰኔ 1943 በሁለቱ መንግሥታት መካከል አጠቃላይ የቴክኒክ ትብብር ስምምነት ተፈረመ። ዶክተር ቤኔት የዕቅዱን ፍጻሜ ለማየት አልታደሉም፤ በታኅሣሥ 1944 በኢራን አገር በደረሰ የአውሮፕላን አደጋ ሕይወታቸው አለፈ። ሥራው ግን አልተቋረጠም። በግንቦት 1944 የእርሻ ኮሌጅ ለማቋቋም የሚያስችለው ስምምነት ተፈረመ፤ ኮሌጁን የማደራጀቱም ኃላፊነት ለኦክላሆማው ተቋም ተሰጠ።

ከውጭ የመጣው ሥርዓት

የኦክላሆማው ኮሌጅ በአሜሪካ «የመሬት ስጦታ ኮሌጆች» ከሚባሉት አንዱ ነበር። ይህ ሥርዓት በአሜሪካም ቢሆን በአንድ ጊዜ የተፈጠረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1862 የወጣው ሕግ ለየክፍላተ ግዛቱ የመንግሥት መሬት በመስጠት የእርሻና የሜካኒክ ኮሌጆች እንዲቋቋሙ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ1887 የወጣው ሁለተኛው ሕግ በየኮሌጁ የምርምር ጣቢያ እንዲኖር ገንዘብ መደበ። እ.ኤ.አ. በ1914 የወጣው ሦስተኛው ሕግ ደግሞ ዕውቀቱን ለገበሬው የሚያደርሰውን የእርሻ ኤክስቴንሽን አገልግሎት አቋቋመ። ይኸውም ሦስቱ ተግባራት ለመገናኘት ሃምሳ ሁለት ዓመታት ፈጅተዋል ማለት ነው። እያንዳንዱም የራሱ ሕግና የራሱ በጀት ነበረው።

በኢትዮጵያ ግን ሦስቱም ተግባራት በአንድ ጊዜ፣ በውል ሰነድ፣ ገና ባልተሠራ አንድ ኮሌጅ ላይ ተጣሉ። ልዩነቱ በዚህ ብቻ አያበቃም። የአሜሪካ ኮሌጅ የሚያገለግለው ገበሬ በአብዛኛው የራሱ መሬት ያለው፣ ማንበብና መጻፍ የሚችል፣ ምርቱን ለገበያ የሚያቀርብ ሰው ነበር። በኢትዮጵያ፣ በተለይም በደቡብና በምሥራቅ ክፍላተ ሀገር፣ ብዙው ገበሬ ጭሰኛ ስለነበረ ምርቱ ቢጨምር ከጭማሪው ተካፋዩ ባለመሬቱ ነበር። ስለዚህ ሥርዓቱ በመልካም ሐሳብ የመጣ ቢሆንም፣ ከአገሩ ማኅበራዊ ሁኔታ ጋር የማስማማቱ ሥራ ለኮሌጁ የተተወ ከባድ ፈተና ነበር።

ከጅማ ወደ ዓለማያ

የዓለማያ ሕንፃዎች እስኪሠሩ ድረስ ትምህርቱ የተጀመረው በጅማ ነው። በ1945 የጅማ የእርሻና የቴክኒክ ትምህርት ቤት በሁለተኛ ደረጃ ሥራውን ጀመረ። በ1946 የኮሌጅ ደረጃ ትምህርት በዚያው ተከፈተ። የጅማው ትምህርት ቤት ኮሌጁ ከሄደ በኋላም አልጠፋም፤ ራሱን ችሎ አድጎ የእርሻ ኮሌጅ ከሆነ በኋላ፣ በ1992 ከጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ጋር ተዋሕዶ ጅማ ዩኒቨርሲቲን መሥርቷል። ለጊዜያዊ መጠለያነት የታሰበ ትምህርት ቤት ለሌላ ዩኒቨርሲቲ መሠረት መሆኑ በትምህርት ታሪካችን ሊታወስ የሚገባው ነው።

ኮሌጁ ወደ ዓለማያ የተዛወረው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ 2000 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው፣ አየሩ የተስማማ፣ ሐይቅ በአጠገቡ የሚገኝ፣ ከሐረር 20 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቅ ነው። የድሬዳዋ የባቡር ጣቢያም ሩቅ አልነበረም። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች በ1949 ተመረቁ። በጥር 1950 ኮሌጁ በንጉሠ ነገሥቱ ተመርቆ በይፋ ተከፈተ።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መምህራኑ በአብዛኛው ከኦክላሆማ የመጡ አሜሪካውያን ነበሩ። የዕፅዋት ሳይንስ፣ የእንስሳት ሳይንስ፣ የእርሻ ምሕንድስናና የእርሻ ኢኮኖሚክስ ዋነኞቹ የትምህርት ክፍሎች ነበሩ። ከምሩቃኑ የተመረጡት ወደ ውጭ አገር ሄደው ከፍተኛ ትምህርታቸውን እየጨረሱ ሲመለሱ የውጭ አገር መምህራንን እየተኩ ሄዱ። የኦክላሆማው ውል እ.ኤ.አ. በ1968 ሲያበቃ ኮሌጁ በኢትዮጵያውያን እጅ ሊቀጥል የሚችልበት ደረጃ ላይ ደርሶ ነበር። ለውል ማብቂያ አስቀድሞ ተተኪ ማዘጋጀት በብዙ የእርዳታ ፕሮጀክቶች የሚታጣ ጥንቃቄ ነውና፣ ይህ ከኮሌጁ ታላላቅ ፍሬዎች አንዱ ሆኖ ሊቆጠር ይገባዋል።

የምርምሩ ፍሬ

የኮሌጁ ምርምር በዓለማያ ብቻ የተወሰነ አልነበረም። በደብረ ዘይት የተቋቋመው የእርሻ ምርምር ጣቢያም የኮሌጁ አካል ነበር። በዚህ ጣቢያ በጤፍ፣ በስንዴ፣ በሽምብራ፣ በምስርና በዶሮ እርባታ ላይ ሰፊ ጥናት ተካሂዷል። እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው ማኛ የተባለው የጤፍ ዝርያ የዚህ ጣቢያ ሥራ ውጤት ነው።

የጤፍ አበባ እጅግ ደቃቅ በመሆኑና ራሱን በራሱ የሚያዳቅል በመሆኑ፣ ሁለት የጤፍ ዝርያዎችን በእጅ ማዳቀል ለረጅም ጊዜ የማይቻል መስሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ታረቀ በርሄ የተባሉ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ የጤፍ አበባ ማለዳ፣ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ለአጭር ጊዜ እንደሚከፈት ደረሱበት። ከዚያ በኋላ ማዳቀሉ ተቻለ። እ.ኤ.አ. በ2006 ለገበሬው የቀረበውና በብዙ አካባቢ የተስፋፋው ቁንጮ የተባለው ጤፍ ማኛን ከሌላ ዝርያ ጋር በማዳቀል የተገኘ ነው። የአንድ ማለዳ ጥንቃቄ የተሞላበት ምልከታ ፍሬውን ለማሳየት ሠላሳ ዓመታት ፈጅቶበታል። ምርምርን በዓመታዊ ሪፖርት ብቻ መመዘን ለምን እንደማይበቃ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

በዓለማያ ደግሞ ዋናው የምርምር ሰብል ማሽላ ሆነ። ኢትዮጵያ የማሽላ ዓይነቶች በብዛት ከሚገኙባቸው ጥንታውያን አገሮች አንዷ ናት። የኮሌጁ ተመራማሪዎች በዶክተር ብርሃነ ገብረ ኪዳን መሪነት ከየክፍለ ሀገሩ እጅግ ብዙ የማሽላ ዓይነቶችን ሰብስበው መዘገቡ፤ እያወዳደሩም ለደጋና ለቆላ የሚስማሙትን ለዩ። ዓለማያ 70 የተባለው ዝርያ ከዚህ ጥረት የተገኘ ነው። ከጅማው የእርሻ ትምህርት ቤት ወደ ዓለማያ መጥተው እ.ኤ.አ. በ1973 የተመረቁት ገቢሳ ኤጄታም የማሽላን ጥናት የያዙት በዚሁ ዘመን ነው። የኮሌጁ መምህራቸው ካገናኟቸው የውጭ አገር ተመራማሪ ጋር የማሽላ ዓይነቶችን በመሰብሰብ ሥራ ተካፈሉ። ኋላም ድርቅንና አቀንጭራን የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎችን በማውጣታቸው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ።

የተግባራቱ መለያየት

ኮሌጁ የኤክስቴንሽኑን ሥራ ከጀመረ አሥር ዓመት ያህል እንደሞላው፣ እ.ኤ.አ. በ1963 ይህ ኃላፊነት ወደ እርሻ ሚኒስቴር ተዛወረ። በ1958 ደግሞ የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት ራሱን ችሎ ተቋቋመና አገር አቀፉን ምርምር የማስተባበር ኃላፊነት ተረከበ። ደብረ ዘይት ለጊዜው ከኮሌጁ ጋር ቢቆይም፣ ከዓመታት በኋላ እርሱም ወደ አገር አቀፉ የምርምር ድርጅት ተላልፏል። ኮሌጁ መመራመሩን ባያቆምም፣ ዋነኛ ተግባሩ ማስተማር ሆነ።

ለውጡ ያለ ምክንያት የተደረገ አይደለም። አንድ ኮሌጅ፣ ያውም በምሥራቅ ጠረፍ አቅጣጫ የሚገኝ፣ በመላ አገሪቱ የኤክስቴንሽን ሠራተኞችን አሰማርቶ ሊቆጣጠር አይችልም ነበር። ሚኒስቴሩ ግን በየክፍለ ሀገሩ ጽሕፈት ቤት፣ በጀትና ሥልጣን ነበረው። በ1960 ሥራውን የጀመረው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅትና ከጥቂት ዓመታት በኋላ የተከተለው ሚኒመም ፓኬጅ ፕሮግራም የደረሱበት ስፋት በኮሌጁ አቅም ሊደረስበት የሚችል አልነበረም።

ይሁን እንጂ የተገኘው ስፋት የራሱ ዋጋ ነበረው። ይህንን ለመረዳት የሐረርጌን ገበሬና ማሽላውን መመልከት ይበቃል። በሐረርጌ ደጋ ማሽላ እህል ብቻ አይደለም። ገበሬው ዘሩን አብዝቶ ይዘራል፤ ቡቃያው ሲያድግ እየነቀለ ያሳሳና የተነቀለውን ለከብቱ ይሰጣል። ቅጠሉን እየሸለቀቀ ሰንጋውን ያደልባል። አገዳው ለማገዶ፣ ለአጥርና ለቤት መሥሪያ ይሆናል። ስለዚህ አጭር አገዳ ያለውና እህሉ የበዛ አዲስ ዝርያ በምርምር ማሳ ላይ አንደኛ ቢወጣም፣ በገበሬው ሚዛን ላይ የጎደለ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ገበሬው አዲሱን ዘር አልቀበልም ሲል አላዋቂ ሆኖ አይደለም፤ የሚቆጥረው ከኩንታሉ በተጨማሪ የሰንጋውን መኖና የክረምቱን ማገዶ ስለሆነ ነው።

ይህን የገበሬውን ሒሳብ ለተመራማሪው ሊነግረው የሚችለው በየማሳው የሚውለው የኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነው። ለተማሪው ሊያስተምረው የሚችለው ደግሞ ይህንን የሰማው መምህር ነው። ሦስቱ በአንድ ጣራ ሥር በነበሩ ጊዜ ወሬው ከማሳው ወደ መማሪያ ክፍል ለመድረስ አጭር መንገድ ነበረው። በሦስት መሥሪያ ቤቶች ከተከፈሉ በኋላ ግን በደብዳቤና በኮሚቴ የሚተላለፍ ሆነ። ከላይ ወደ ታች የሚወርደው ትእዛዝ መንገድ ሲያገኝ፣ ከታች ወደ ላይ የሚወጣው ጥያቄ መንገዱ ረዘመበት። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ መሰጠቱና በዙሪያው ያለው ገበሬ የሚናገረው አፋን ኦሮሞ መሆኑ ርቀቱን ይበልጥ አስፍቶታል።

ከአብዮቱ እስከ ዩኒቨርሲቲነት

በ1954 የተቋቋመው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የየኮሌጆቹ የጋራ አስተዳደር ሲሆን የዓለማያ ኮሌጅም በሥሩ ተጠቃለለ። በ1967 የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ሲታወጅ የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት መደበኛ ትምህርታቸውን አቋርጠው ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘመቱ። በዚያው ዓመት በየካቲት ወር የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የጭሰኝነትን ሥርዓት አስቀረ። ከላይ የተመለከተው፣ የምርቱ ጭማሪ ለባለመሬቱ የሚሆንበት ችግር በሕግ ተወገደ። ሆኖም ከሁለት ዓመት በኋላ በ1969 እና በ1970 በተካሄደው የሶማሊያ ጦርነት ውጊያው ወደ ሐረርና ወደ ድሬዳዋ ተቃርቦ ነበርና፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል የሚገኘው ኮሌጅ በአስጨናቂ ዘመን ውስጥ አለፈ።

ከዚያ በኋላ የመጡት ዓመታት የዕድገት ነበሩ። በ1972 የድኅረ ምረቃ ትምህርት ተጀመረ። የአገሪቱ የእርሻ ሊቃውንት ሁለተኛ ዲግሪያቸውን በአገራቸው አፈርና ሰብል ላይ ተመራምረው ለማግኘት ቻሉ። በ1977 ኮሌጁ ወደ ዓለማያ የእርሻ ዩኒቨርሲቲ ተለወጠ። በ1988 የመምህራን ትምህርትና የጤና ሳይንስ ፋኩልቲዎች ተጨምረው ዩኒቨርሲቲው ከእርሻ ውጭ ያሉ ሙያዎችንም የሚያስተምር ሆነ፤ ኋላም የጤናው ትምህርት በሐረር ከተማ የራሱ ግቢ ኖረው። በ1998 ስሙ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። በ2013 ገደማ የአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች በተልእኮ ሲለዩ ሐረማያ የምርምር ዩኒቨርሲቲ ተብለው ከተመደቡት ስምንቱ አንዱ ሆኗል።

የመምህራን ትምህርት መጨመሩ ለትምህርት ባለሙያዎች ልዩ ትርጉም አለው። በእርሻ ምርምር ግቢ የሠለጠነ የባዮሎጂ ወይም የኬሚስትሪ መምህር፣ ስለ አፈርና ስለ ዘር ሲያስተምር ምሳሌውን ከባዕድ መጽሐፍ መዋስ አያስፈልገውም። ይህ ዕድል ግን በራሱ አይመጣም። የትምህርት ፋኩልቲው ተማሪ የእርሻውን ማሳ በአጥር ማዶ ብቻ እያየ ከተመረቀ ሁለቱ በአንድ ግቢ መኖራቸው ጥቅም የለውም።

የሐይቁ ምስክርነት

«ሐሮ» በአፋን ኦሮሞ ሐይቅ ማለት ነው። ቦታው በሐይቁ ይታወቅ ነበር፤ ኮሌጁም ወደዚያ ሲመጣ ሐይቁን ተጎራብቶ ነበር። ይህ ሐይቅ በ1997 ገደማ ፈጽሞ ደረቀ። ምክንያቱ አንድ አልነበረም። በዙሪያው ያሉት ኮረብታዎች ደናቸውን በማጣታቸው ጎርፍ ደለሉን እያመጣ ሐይቁን ሞላው። ገበሬው ጫትና አትክልት ለማጠጣት በሞተር ውሃ ይስብ ነበር። የሐረር ከተማ፣ የዓለማያ ከተማና ዩኒቨርሲቲው ራሱ የመጠጥ ውሃቸውን ከዚያው ያገኙ ነበር። የእያንዳንዱ ተጠቃሚ ምክንያት ለየብቻው ሲታይ ተገቢ ነበር፤ የሁሉም ድምር ግን ሐይቁን አደረቀው።

እዚህ ላይ ሊጤን የሚገባው፣ ስለ አፈር መሸርሸር፣ ስለ መስኖና ስለ ደን የሚያስተምሩ ሊቃውንት በሐይቁ አጠገብ ለግማሽ ምዕተ ዓመት መቀመጣቸው ነው። የጎደለው ዕውቀት አልነበረም። ዕውቀቱን ከገበሬው፣ ከከተማው ውሃ አገልግሎትና ከመስተዳድሩ ጋር አገናኝቶ ወደ ስምምነት የሚያደርስ መንገድ አልነበረም። ያ መንገድ ደግሞ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ተግባራት ሦስተኛው፣ ማለትም ወደ ሕዝቡ የመድረሱ ተግባር ነበር። በ2010ዎቹ ዓመታት በዙሪያው ኮረብታዎች የአፈርና የውሃ ጥበቃ ሥራ በስፋት ከተካሄደ በኋላ በሐይቁ ስፍራ ውሃ እንደገና መታየቱ ይህንኑ ያረጋግጣል። የጠፋው ሊመለስ የሚችለው ዩኒቨርሲቲው፣ መስተዳድሩና ገበሬው በአንድ ኮረብታ ላይ አብረው ሲሠሩ ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተዘረዘረው ታሪክ የሚከተሉትን ነጥቦች ማውጣት ይቻላል።

አንደኛ፣ የተቋም ስም ማደግና የተቋም ሥራ ማደግ አንድ አይደሉም። ዓለማያ ኮሌጅ በነበረበት ዘመን ያከናወነው የማሽላና የጤፍ ምርምር ዩኒቨርሲቲ ከተባለ በኋላ ከተሠራው ብዙ ሥራ የሚያንስ አልነበረም።

ሁለተኛ፣ አንድን ተግባር ከአንድ ተቋም ወደ ሌላ ማዛወር በቂ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ሆኖም ዕቅድ አውጪው የሚዛወረውን በጀትና ሠራተኛ ብቻ ሳይሆን የሚቋረጠውንም ግንኙነት ቆጥሮ ምትክ ሊያዘጋጅለት ይገባል። የኤክስቴንሽኑ ሥራ ከኮሌጁ ሲወጣ የጎደለው ይህ ምትክ ነበር።

ሦስተኛ፣ አገሪቱ በ1990ዎቹና ከዚያ በኋላ በየክልሉ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎችን ከፍታለች። እያንዳንዱ የተተከለው የራሱ ሰብል፣ የራሱ ቋንቋ፣ የራሱ ውሃና የራሱ ችግር ባለበት አካባቢ ነው። አዲሱ ዩኒቨርሲቲ ከተከፈተበት ቀን ጀምሮ ሊጠየቅ የሚገባው ስንት ተማሪ ተቀበለ የሚለው ብቻ አይደለም፤ በአካባቢው ምን ችግር እንዳለ ከማን ሰማ፣ ምንስ መለሰ የሚለውም ጭምር ነው።

በመጨረሻም፣ በዚህ ሥራ የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ መምህሩ ድርሻ ቀላል አይደለም። በገጠር የሚያስተምረው መምህር የገበሬውን ልጅ በየቀኑ ያገኛል፤ የዩኒቨርሲቲውም ምሩቅ ነው። ስለዚህ የማሳውን ጥያቄ ወደ ዩኒቨርሲቲው፣ የዩኒቨርሲቲውንም መልስ ወደ ማሳው ለማድረስ ከእርሱ የቀረበ ሰው የለም። በ1944 በውል ሰነድ ላይ የሰፈረው ሦስተኛው ተግባር ለመሥሪያ ቤቶች ብቻ ቢተው እንደሚዘገይ ታሪኩ አሳይቷል። መምህሩ ሲካፈለው ግን መንገዱ እንደገና ሊያጥር ይችላል።